አሜን ብዬ የሰጠኋት ልጅ

በዚያ ቀን ቤቴ የነበሩትን ሰዎች አንድ በአንድ ልንገራችሁ፤ ኋላ የሆነውን ስተርክላችሁ "ብቻዋን ያየችው ነው" እንዳትሉኝ። ባለቤቴ ነበረ፣ ከጎማ ቤቱ እጁን በሳሙና ታጥቦ ሳይጠራለት የመጣ። ልጄ ቤቲ ነበረች፣ ሶፋው ጥግ ላይ፣ እግሯ ከመርዘሙ የተነሳ በጠረጴዛው ሥር ገብቶ በወዲያ በኩል የወጣ። አሰልጣኟ መላኩ ነበረ፣ ፊሽካው አንገቱ ላይ፤ ሰው ቤት ለሽምግልና ሲገባ እንኳ አያወልቀውም። ከኮምቦልቻ የመጡት ሼህ እንድሪስ ነበሩ፤ አብረዋቸው የመጡ አንድ ቄስም ነበሩ፣ ከገቡ እስኪወጡ አንድ ቃል ያልወጣቸው። ወይዘሮ ዘሃራ ነበረች፤ ልጇ ሰሚራም ሻንጣዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እንደ ሕፃን አቅፋው ነበር። ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ ነበረች፣ ወንፊት ልትዋስ ገብታ በዚያው የቀረች። እኔ ነበርኩ። ጉሙም ነበረ።

ጉሙን ከሰው መቁጠሬ ቀልድ አይደለም። የደሴን ክረምት የሚያውቅ አይስቅብኝም። ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈራችን ሆጤ ሲደርስ የማንንም በር አያንኳኳም። በዚያ ቀን ሽማግሌዎቹን ተከትሎ ገባ፣ ቁም ሳጥኑ አጠገብ ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤ እነሱ ሲወጡ እሱ አልወጣም።

ሽማግሌ ስላችሁ ሠርግ እንዳይመስላችሁ። እትዬ ዘውዴ መስሏት ወንፊቱን ይዛ ለእልልታ ስትዘጋጅ ነበር። ነገሩ የቅርጫት ኳስ ነው።

ቤቲ የምትጫወትበት የሴቶች ቡድን ተሸንፎ ተሸንፎ መሸነፍ ሥራው ሆኖ ነበር። ሌላ ቡድን ወደ ደሴ ሲመጣ ለጨዋታ ሳይሆን ለሽርሽር የሚመጣ ነው የሚመስለው፤ ምሳውን በልቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ እኛን አሸንፎ ይሄዳል። ቡድኑ ውስጥ የሚጫወቱት ደግሞ ሁለት ልጆች ናቸው፣ የእኔ ቤቲ እና ሄለን የምትባል ጓደኛዋ። ሌሎቹ ኳሷን ሲያገኙ እንደ ትኩስ ድንች ወደ ሁለቱ ይወረውሩና ቆመው ያያሉ። አንዳንዷማ ከተመልካቹ ጋር አብራ ታጨበጭባለች።

በዚህ የተነሳ መላኩ ወላጆችን ሜዳው ዳር ሰበሰበን። ሜዳው ሲሚንቶ ነው፤ ቅርጫቱ ብረቱ እንጂ መረቡ የለውም።

"ኮከቦቻችንን እንስጥ" አለ መላኩ።

"ለማን?" አልነው።

"ለኮምቦልቻ። እነሱ የደረሱ ልጆች ይፈልጋሉ። ሦስት ታዳጊ ይሰጡናል፣ እኛ ቤቲንና ሄለንን እንሰጣለን። ከዚያ ቡድኑን ከሥር እንገነባለን።"

"እስኪገነባስ?" አለ ባለቤቴ።

"እስኪገነባ እንሸነፋለን። ውጭ አገር እንዲህ ነው የሚደረገው፣ ጋሼ። ትልልቅ ቡድኖች ሲደክማቸው ኮከባቸውን ይሰጡና ልጅ እግር ይቀበላሉ። ትንሽ ጊዜ ይሸነፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ማን ይችላቸዋል?"

"ለመሸነፍማ ልውውጥ ምን ያደርግልናል? በገዛ ልጆቻችን ደህና አድርገን እየተሸነፍን አይደል?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። መላኩ ግን አልሳቀም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሁለቱ ልጆች እስካሉ ድረስ ሌሎቹ ኳስ መያዝ እንደማይለምዱ፣ ሁለቱም ከተሸናፊ ቡድን ጋር እስካሉ ድረስ ለክልል የሚመርጥ ሰው እንደማያያቸው ተናገረ። ይሄኛው ነገር ወደ ልቤ ገባ። ቤቲ ለክልል ቡድን መመረጥን የምትመኘው እንደ እስትንፋስ ነው። ማታ እግሯን ስታጥብ ሳይቀር ስለ እሱ ነው የምታወራው።

እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ስለ ኳስም የማውቀው ሲበላሽ እንደሚነፋ ብቻ ነው። ግን ያን ቀን አንድ ጥያቄ ጠይቄ ነበር፣ አሁንም ትክክል ነበር እላለሁ። "ከሥር እንገነባለን ስትል መሠረቱን አውጥተህ ሰጥተህ ነው ወይ?" አልኩት። መላኩ "እማማ፣ እርስዎ አይረዱትም" አለኝ። ገና አርባ ዓመቴን ሳልሞላ እማማ አለኝ።

ቤቲን ቤት ወስጄ ጠየቅኳት። "እማዬ፣ እዚህ ሆኜ ማን ያየኛል? ጉሙ ራሱ ይጋርደኛል" አለችኝ።

እንግዲህ ምን ልበል። የኮምቦልቻ ልምምድ ጠዋት ጠዋት ከትምህርት በፊት ነው። ያንን ቁልቁለት በየቀኑ በሚኒባስ ወርዳ ትወጣለች? እኔ በሚኒባስ ስሄድ ከሹፌሩ ጋር አብሬ ፍሬን የምረግጥ ሰው ነኝ። ልጄን በየቀኑ እዚያ ላይ አላሳፍርም። ስለዚህ እዚያው ትደር ተባለ። ሄለን ኮምቦልቻ አክስት ነበራት፣ እዚያ ገባች። ከሚመጡት ከሦስቱ ልጆችም ሁለቱ ደሴ ዘመድ ነበራቸው። ሦስተኛዋ ሰሚራ ዘመድ አልነበራትም፤ ቤቲም እንደዚሁ። ያን ጊዜ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ጭንቀት ብልሃት ያመጣል፤ ብልሃቱ ግን ጭንቀቱን ይዞት ይመጣል። ሰሚራ እኔ ቤት ትሁን፣ ቤቲ ሰሚራ እናት ቤት ትሁን አልኩ። ልጇ እኔ ጋ ያለች እናት ልጄን አታስርብብኝም ብዬ ነው። እንግዲህ ይታያችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ንጉሦች ናቸው ድሮ የሚያደርጉት።

ይህም አልበቃኝም። "ሴት ልጅ ከቤቴ ሽማግሌ ሳይላክ አትወጣም" አልኩ። መላኩ ደነገጠ። "እማማ፣ ዝውውር እኮ ነው!" አለኝ። "ዝውውርም ይሁን ምን ይሁን፣ ልጄ ሌላ ሰው ቤት ልታድር ነው። ነገ አንድ ነገር ብትሆን ማንን ልጠይቅ ነው? ስልክ ይጠፋል፣ ሽማግሌ አይጠፋም" አልኩት። ባለቤቴ በእጁ ፊቱን ሸፈነ። የዘሃራም ቤት ሰዎች ነገሩን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ደንበኛ ቤተ ሰብ ነው አሉ። እንዲህ ነው ሼህ እንድሪስና ዝምተኛው ቄስ ሳሎኔ የቆሙት።

ቆሙ ያልኩት በእውነት ቆመው ነው። መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም። ሼሁ "ልጃችሁን ለልጃችን፣ ልጃችንን ለልጃችሁ ብለን መጥተናል" አሉ። ባለቤቴ መልስ መስጠት ሲገባው "ኧረ ይቀመጡ፣ ኳስ ነው" አላቸው። አልተቀመጡም። እኔ "እሺ፣ ሰጥተናል" ስል ነው የተቀመጡት። ከዚያ ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ምርቃት ጀመሩ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኛ ወንጌላውያን ነን። በእኛ ጉባኤ አሜን የሚባለው በየአረፍተ ነገሩ ነው፤ አንዳንዴ አረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ነው። ልማድ ሆኖብኝ ሬዲዮ ስለ ዝናብ ሲናገርም አሜን እላለሁ። ሼህ እንድሪስ ደግሞ የሚመርቁት ቀስ ብለው፣ በየመካከሉ እየተነፈሱ ነው።

"የሄደችው የሄደችበት ቤት ልጅ ትሁን።"

"አሜን!" አልኩ።

"የመጣችው የመጣችበት ቤት ልጅ ትሁን።"

"አሜን!"

"ልባቸው ለሁለት አይከፈል። የኋላቸውን..."

"አሜን!"

"...አይናፍቁ።"

ሌሎቹ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት "አሚን" ብለው ነበር። ለሦስተኛው ግን ዘሃራ ዝም አለች። ባለቤቴ ስልኩን እያየ ነው፣ ምንም አልሰማም። መላኩ እንኳ ፊሽካውን ይዞ ዝም አለ። ሦስተኛዋን አሜን ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ጮክ ብዬ፣ ጉባኤ መሐል እንዳለሁ። ቤቲ ቀና ብላ አየችኝ። ጥጉ ላይ ከተቀመጠው ጉም ብርድ ብርድ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ቤቲ ወረደች፣ ሰሚራ ቀረች።

በማግስቱ ጠዋት ጉድ ተጀመረ። የልጆቹ ክፍል በር በክረምት እርጥበት ይጠጣና አይከፈትም። ሰው ሁሉ በእጁ ይታገለዋል። ቤቲ ብቻ ናት በዳሌዋ ዝቅ አድርጋ ገፍታ አንዴ የምትከፍተው። ድስት እያጠብኩ የበሩ ያቺ የማውቃት ድምፅ፣ ድው የምትለዋ፣ ተሰማችኝ። "ቤቢ፣ ካልሲ አድርጊ" አልኩ ዞር ሳልል፤ ቤቲን ቤቢ ነው የምላት። "እሺ" አለኝ። ዞር ስል ሰሚራ ናት።

"በሩን እንዴት ከፈትሽው?"

"ገፋሁት።"

"በምን?"

ልጅቷ ተሳቀቀች። "ምን አጠፋሁ እማማ?" አለችኝ። ምንም አላጠፋችም። ያበደችው እኔ ነኝ ብዬ ተውኩት።

ልጅቷን አትጠሉብኝ፤ አንጀት የምትበላ ልጅ ናት። ለስግደቷ መስኮቱ ሥር ያለውን ቦታ አጸዳሁላት። ሥጋ ከእስላም ሥጋ ቤት ብቻ መግዛት ጀመርን፤ ባለቤቴ ያው ሥጋ ነው፣ እንዲያውም ይሄኛው ይጣፍጣል አለ። በዚህ በኩል ቤታችን ሰላም ነበር። አስጨናቂው ሌላው ነው። ሻይ ሳትቀዳ በፊት ብርጭቆ ውስጥ እፍ ትላለች፤ ቤቲ እፍ ትላለች። ስትስቅ አፏን በክርኗ ትሸፍናለች፤ ቤቲ ናት በክርኗ የምትሸፍን። የእትዬ ዘውዴ ውሻ የራሷን የእትዬ ዘውዴን ባል ሁለቴ የነከሰ ነው፤ ከሰፈሩ ሰው ለቤቲ ብቻ ነው ጭራውን የሚቆላው። ሰሚራ በአጠገቡ ስታልፍ ተነሥቶ ጭራውን ቆላ፣ ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ውሻ "እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ" ብሎ ሲያይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ።

ከሁሉ የከፋው የኳሷ ድምፅ ነበር። ቤቲ ከልምምድ ስትመለስ መንገዱ ላይ ኳስ እያነጠረች ነው የምትመጣው። የእኛ በር ጋ ስትደርስ ትይዘዋለች፣ ትንሽ ዝም ትላለች፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ታነጥርና ትገባለች። ለምን እንደሆነ አታውቀውም፣ ልማዷ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሰፈሩን ውጦ፣ የራሴን አጥር እንኳ ሳላይ፣ ያ ድምፅ መጣ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። በራችን ጋ ሲደርስ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ጊዜ፣ ጧ። በሩ ተከፈተ፣ ከጉሙ ውስጥ ረጅም ነገር ወጣ።

"ቤቢዬ!" ብዬ ሮጥኩ።

ሰሚራ ናት። ግን ሰሚራ ረጅም አልነበረችም። ስትመጣ ትከሻዬ ድረስ ነበረች። አሁን ዓይኗን ለማየት ቀና ማለት ነበረብኝ።

ለባለቤቴ ነገርኩት። "ታዳጊ ነች እኮ፣ ታድጋለች። ስሙ ራሱ ታዳጊ ነው" አለኝ።

"የኳሱስ አነጣጠር?"

"ሁሉንም የሚያሠለጥናቸው አንድ መላኩ ነው።"

"ውሻውስ?"

"ውሻውንም መላኩ ያሠለጠነው ይሆናላ!" ብሎ ሄደ። ከባሎች ጋር ስለ ረቂቅ ነገር ማውራት እንዲህ ነው።

እትዬ ዘውዴ ዘንድ ሄድኩ። እሷ ዘንድ መሄዴ ጥፋት ነበር። "ሰሚራን እንዴት ታያታለሽ?" አልኳት።

"የቷን ሰሚራ?"

"እኛ ቤት ያለችውን!"

"ቤቲን ነው የምትይኝ?" አለችኝ። ዓይኗ እየደከመ እንደሆነ አውቃለሁ። "ምነው፣ ታማለች እንዴ? ዛሬ ጠዋት ውኃ አሸክሜያት ደህና ነበረች። ‘ቤቲ’ ስላት ‘አቤት’ አለችኝ።"

ቤት ገብቼ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቡድኑን ፎቶ ለማየት ቀና አልኩ። እርጥበት በመስታወቱ ሥር ገብቶበት ነበር። ከልጆቹ ሁሉ መካከል የሻገተው ቦታ የአንዷ ፊት ነበር። የማን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ገብቷችኋል። በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩት፣ ግን ሻጋታው በውስጥ በኩል ነው።

ከቤቲ ጋር በስልክ እንገናኝ ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ እኔም አለቅስ ነበር፤ ሁለታችንም ደስ ይለን ነበር። ቀስ እያለ ለቅሶው ቀረ። "እማዬ፣ ሙቀቱ እንዴት ደስ ይላል መሰለሽ" አለች። ሌላ ቀን ደግሞ "ወላሂ" ስትል ሰማኋት። ይሄስ ምንም አይደል፤ ወሎ ነው፣ እኔም ስደነግጥ ያመልጠኛል። አንድ ቀን ግን እያወራን ሳለ ከዚያኛው ቤት ውስጥ አንዲት ሴት "ልጄ!" ብላ ተጣራች። ቤቲም "ወዬ፣ እማ!" አለች። ያ "ወዬ" የእኔ ነው። ያን ድምፅ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፤ ወደ ላይ ይወጣና መጨረሻው ላይ ይሰበራል።

በማግስቱ ዘሃራ ራሷ ደወለችልኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው።

"የቤቲ እናት፣ ብቻሽን ነሽ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"ኧረ በአላህ እንዳትስቂብኝ። ልጅሽ የወተት ስልባቦት ትበላለች?"

"ኧረ፣ ካየችው ታስመልሳለች ማለት ይቀላል።"

"እዚህ በማንኪያ ነው የምትጠርገው። የእኔዋ ናት ስልባቦት ካላየች የምታለቅስ።" ከዚያ ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። "ያንቺዋስ? ማለቴ የእኔዋ?"

ትናንት ለሰሚራ ወተት ሰጥቻት ነበር። ስልባቦቱን በጣቷ ጫፍ አንስታ፣ ፊቷን አጨማድዳ፣ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ለጥፋው ነበር። ለዘሃራ ልነግራት አልቻልኩም።

"የቤቲ እናት፣ አለሽ?"

"አለሁ።"

"ትናንት ‘ሰሚራ’ ብዬ ተጣራሁ፤ አፌ ለምዶ ነው። ያንቺዋ ዞር አለች። እንዲያው ዞር ብቻ አይደለም፣ መጣች።"

ስልኩን ጆሯችን ላይ ለጥፈን ቀረን፤ ሁለት ትልልቅ ሴቶች፣ አንዷ ላይ አንዷ ታች፣ ልክ ሌባ እንደሚያዳምጥ ሰው። ከዚያ ዘሃራ "ሦስተኛውን ምን ሆነሽ ነው አሜን ያልሽው?" አለችኝ።

ሼህ እንድሪስ ዘንድ አብረን ደወልን፤ እሷ ከአጠገባቸው ሆና፣ እኔ በስልክ። "ሼሁ፣ እባክዎ ምርቃቱን ይመልሱልን" አልኳቸው።

"ዱዓ ይመለሳል እንዴ፣ ልጄ? የወጣ ነገር ነው። ደግሞስ ምን ከፋሽ? ስንቷ እናት ልጄ ሰው ቤት ሄዳ አልለምድ አለች ብላ ታለቅሳለች። ያንቺ ለመደች። አብሽሪ።"

የጉባኤያችንንም ሽማግሌ ጠየቅኩ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዘግተው "እህቴ፣ አንቺ እንደዚህ ያለ ነገር ታምኛለሽ?" አሉኝ። አላምንም አልኳቸው። "እንግዲያው ምን አስፈራሽ?" አሉኝ። አለማመኔን ይዤ እየፈራሁ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እንግዲህ ሄለንን አስቡልኝ። ያቺም ኮምቦልቻ ናት፣ ያቺም በልውውጡ የሄደች ናት፤ ግን ሽማግሌ አልተላከላት፣ ምርቃት አልተመረቀላት፣ እናቷም "አሜን" አላለችም። በየእሑዱ ቆሻሻ ልብሷን ይዛ እናቷ ቤት ትመጣለች፣ ታጉረመርማለች፣ በልታ ትሄዳለች። እናቷ "ምን አስለመደብኝ፣ አንድ እሑድ እንኳ አትቀርም" ብላ ስታማርር ስሰማ እቀናባታለሁ።

ቡድኑን ረስተነው እንዳይሆን። ቡድኑ እየተገነባ ነበር። ያለመሪ የቀሩት ልጆች፣ የሚወረውሩለት ሰው ሲያጡ፣ ሳይወዱ በግድ ኳስ መያዝ ለመዱ። መጀመሪያ በብዙ ተሸነፉ፤ ከዚያ በትንሹ ተሸነፉ፤ መላኩ በትንሹ መሸነፉን እንደ ዋንጫ ይዞት ሰፈር ለሰፈር ዞረ። ባለቤቴ እንኳ "እንግዲህ ልጁ የሚያውቀው ነገር ሳይኖር አይቀርም" ማለት ጀመረ። የኮምቦልቻዎቹም ቤቲንና ሄለንን ይዘው ያሸንፋሉ። ሁሉም ደስ ብሎታል። ደስ ያላለን ዘሃራና እኔ ብቻ ነን።

ውድድሩ ሊያልቅ ሲል ሁለቱ ቡድኖች ደሴ ላይ ተገናኙ። ቤቲ ከሄደች ወዲህ በዓይኔ ላያት የመጀመሪያዬ ነው፤ ውድድርና ፈተና እየተባለ አንድም ቀን አልመጣችም፣ እኔም ሚኒባሱን ፈርቼ አልወረድኩም። ከክልል የሚመርጡ ሰዎችም ይመጣሉ ተባለ።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ሜዳው ጉም ብቻ ነበር። እናንተ፣ እንዲህ ያለ ጨዋታ አይታችሁ አታውቁም። ከወገብ በላይ ሰው የለም። እግር ብቻ ነው የሚሮጠው፤ ቀይ ካልሲ የኮምቦልቻ፣ ነጭ የእኛ። ኳሷ ወደ ላይ ትወረወራለች፣ ጉሙ ይውጣታል፣ ሁላችንም አንጋጠን እንጠብቃለን። አንዳንዴ ብረቱ ቂው ይላል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል፤ አንዴማ በጣም ቆየችና ከእትዬ ዘውዴ አጠገብ የተቀመጠ ሰው "ወሰዷት?" አለ። ማን እንደሚወስዳት አልተናገረም። ማንም አልሳቀም። ዳኛው የትም ሆኖ ይነፋል፤ መላኩም የራሱን ፊሽካ ይነፋል፤ ልጆቹ የትኛውን እንደሚሰሙ አያውቁም።

ዘሃራ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ሰላም ተባባልን፤ እጇ በረዶ ነበር። ማንን እንደምንደግፍ አልተጠያየቅንም።

በመካከሉ ሁለት ረጃጅም እግሮች፣ አንዱ ቀይ አንዱ ነጭ፣ ለአንድ ኳስ ሮጡ። ጓ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ሁለቱም ወደቁ። ጉሙ ውስጥ አንዲት ልጅ "እማ!" ብላ ጮኸች።

እንዴት ሜዳው ውስጥ እንደገባሁ አላውቅም። ጫማዬ አንዱ ወጥቷል። "ልጄን! ልጄን!" እያልኩ ተንበርክኬ ያገኘኋትን አቀፍኩ፤ ራሷን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ግንባሯን ዳስሼ፣ "ተርፈሻል፣ ተርፈሻል" እያልኩ ቀና አደረግኳት። ነጭ ካልሲ አድርጋለች። ሰሚራ ናት። ምንም አልሆነችም።

ቀና ስል ከፊቴ ዘሃራ ተንበርክካለች። እሷም ልጅ አቅፋለች። ቀይ ካልሲ፣ ጉልበቷ ተልጦ ደሙ እየወረደ። ቤቲ ናት። ቤቲ በዘሃራ ትከሻ ላይ ሆና እኔን እያየችኝ ነበር።

ዘሃራና እኔ ተያየን። የያዝነውን መልቀቅ ነበረብን፣ አይደል? መለዋወጥ ነበረብን። አንዳችንም አልለቀቅንም። ለምን እንደሆነ እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ። የያዝኳት ልጅ እየተንቀጠቀጠች ነበር፤ የሚንቀጠቀጥ ልጅ እንዴት ይለቀቃል?

ዳኛው መጥቶ "እናቶች፣ ከሜዳ ውጡ" አለን። ቤቲ በራሷ ተነሥታ፣ ጉልበቷን በእጇ ጠርጋ፣ የቅጣት ኳሷን ልትጥል ሄደች። ሁለቱንም አስገባች። ያኔ እንኳ አላጨበጨብኩም፤ ሰሚራን ይዤ ነበርኩ።

የእኛ ቡድን አሸነፈ። ከስንት ጊዜ በኋላ አሸነፈ። የመጨረሻዋን ያስገባችው ሰሚራ ናት። መላኩ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። "ከሥር ተገነባ! ከሥር!" ይላል። ባለቤቴ ትከሻው ላይ ተሸክሞት ዞረ። እትዬ ዘውዴ ያን ጊዜ ያጠራቀመችውን እልልታ ሁሉ ለቀቀችው። ከክልል የመጡትም ሰዎች ስም ሲጽፉ ታዩ ተባለ፤ የቤቲም ስም አለበት አሉ። እንግዲህ መላኩ ያለው ሁሉ ደረሰ። መለዋወጡ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለውን ክርክር እሱ አሸነፈ። የሚከራከረው የለም። እኔም አልከራከረውም። ብቻ ቡድን ሲገነባ ለገንቢው የሚታየው ቅርጫቱ ነው፤ ከየትኛው ቤት ምን ተነቅሎ እንደተሠራ አይታየውም።

ጨዋታው እንዳለቀ ቤቲን ፈልጌ አገኘኋት። የኮምቦልቻዎቹ ሚኒባስ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። አቀፈችኝ፤ አቅፋኛለች፣ ውሸት አልናገርም። ቁመቷ ጨምሯል። ሽታዋ ሌላ ነው፣ የሌላ ቤት ሳሙና። ጉልበቷን ልጠቀልልላት ሻሼን ፈታሁ። "ተይው እማዬ፣ ይደርቃል" አለችኝ።

"ዛሬ እደሪ እንጂ። ነገ እሑድ ነው። ቤት እኮ እዚያ ድረስ ነው" አልኳት። ሰፈራችን ከዚያ ሜዳ ጮኸው ቢጠሩ ይሰማል።

ወደ ሰፈራችን ዞር ብላ አየች። ጉም ነበር። ከዚያ እንደ ድሮዋ ጉንጬን ስማ "አይ እማዬ፣ ሳይመሽ ቤት ልግባ" አለችኝ።

ቤት አለች። ወደ ቁልቁለቱ እየጠቆመች።

መኪናው ሲሄድ ቆሜ አየሁ። ኋላ መብራቱ ትንሽ ታየ፣ ከዚያ ጉሙ ዘጋው። ሰሚራ መጥታ እጄን ያዘችኝ። "እንሂድ" አለችኝ። ሄድን።

ከዚያ ወዲህ ስደውል "ደህና ነኝ" ነው የምትለኝ። ደህና ነኝ የሚል ልጅ አንድ ነገር እንዳለው እናት ሁሉ ታውቃለች። ዘሃራም ስልክ አታነሳም፤ ስለ ሰሚራ የምነግራትን ፈርታ ይመስለኛል፤ እኔም የምትነግረኝን ስለምፈራ ሁለቴ ሳይጠራ እዘጋዋለሁ። ለምን ራስሽ አትወርጂም ትሉኝ ይሆናል። ሚኒባሱን እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ እችለዋለሁ። ግን ደርሼ በሩን ሳንኳኳ ከፍታልኝ፣ "ኖር፣ ይግቡ" ብላ፣ ደህናውን ወንበር ስባ፣ እንደ እንግዳ ብታስተናግደኝስ?

እናም ከዚህ ወደ ኮምቦልቻ የምትመላለሱ፣ ጠዋት ጠዋት በሜዳው በኩል የምታልፉ ሰዎች አትጠፉም። ረጅም ልጅ ናት፣ ቀይ ካልሲ ታደርጋለች። አታናግሯት፣ እኔ እንደጠየቅሁም አትንገሯት። ብቻ አይታችኋት ከሆነ፣ ጉልበቷ ድኖ እንደሆነ ላኩብኝ።